ጎርፉ ከመድረሱ በፊት፦ ስለ መንገድና ድልድይ ጥበቃ የተደረገ ንግግር

(በማኅበራችን የግንቦት ወር ስብሰባ ላይ የተነበበ። ለመምጣት ያልተመቻቸው ነዋሪዎች እንዲያነቡት በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



 የዛሬው ጉዳያችን መንገድና ድልድይ ነው። «መንገድ የመንግሥት ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋምና ነገሩን ከሥሩ እናስረዳ።

በከተማችን መካከል የሚያልፈው ጎዳና ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ አላማጣና መቀሌ የሚዘልቀው ነው። ለመኪና ተብሎ የተሠራው ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም የአገሪቱን አውራ መንገዶች የመሥራቱና የመጠገኑ ኃላፊነት ለእርሱ ተሰጠ። መሥሪያ ቤቱ ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋውጦ ዛሬ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ይባላል። እኛ ግን እስከ ዛሬ «አውራ ጎዳና» እንለዋለን።

ይህ መንገድ ምን እንደሆነልን ትልልቆቹ ታውቃላችሁ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ለአላማጣና ለኮረም ሕዝብ እህል የጫኑ መኪኖች የወጡት በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬም ማሽላችንና ጤፋችን የሚወጣው፣ ማዳበሪያው የሚገባው፣ ምጥ የጠናባት እናት ወደ ወልድያ ሆስፒታል የምትወሰደው በእርሱ ነው። ወደ ወልድያ ስንሄድ ሆርማትን፣ ጎሊናን፣ አላውሃን እንሻገራለን። ከነዚህ አንዱ ድልድይ ቢቆረጥ ቆቦ ምን ትሆናለች? ድልድይ ሲቆረጥ ምን እንደሚመጣ በ2013 ዓ.ም. አይተናል። ወደ ሽሬ የሚወስደው የተከዜ ድልድይ ሲፈርስ የዕርዳታ መኪና በዚያ በኩል ማለፍ አልቻለም ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ቆላ እንምጣ። የራያ ጎርፍ ጠባዩ ልዩ ነው። ዝናቡ የሚዘንበው በምዕራብ በኩል በተራራው ላይ ነው፤ እዚህ ሜዳው ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ወንዙ ድንገት ሞልቶ ይመጣል። ሲመጣም ባዶውን አይመጣም፤ አሸዋ፣ ቋጥኝ፣ ግንድ ይዞ ነው። ሜዳው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክምና የተሸከመውን ያራግፋል። ገበሬያችን ይህን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል፤ በረከት ነው። ድልድይና ቱቦ ሥር ሲከመር ግን ውሃው መውጫ ያጣና ወይ በመንገዱ ላይ ይፈስሳል፣ ወይ በድልድዩ ጎን ቦርቡሮ አዲስ መንገድ ያወጣል። ከተማ ውስጥ ደግሞ ቦዩ በፌስታልና በውሃ ላስቲክ ስለተደፈነ ጎርፉ ወደየቤታችን ይገባል። ይህን የማያውቅ ሰው እዚህ የለም።

ሁለተኛው አደጋ የዚህ ግልባጭ ነው። ለግንባታ ተብሎ ከድልድይ ሥር አሸዋና ድንጋይ ሲዛቅ የወንዙ ወለል ዝቅ ይልና የድልድዩ መሠረት እርቃኑን ይቀራል። ከላይ አስፋልቱ ደህና ነው፣ መኪናው ያልፋል፤ ከሥር ግን ባዶ ነው። ይህ በሠለጠነው አገርም ደርሷል። በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ስኮሃሪ በተባለ ወንዝ ላይ የነበረ የአውራ ጎዳና ድልድይ መጋቢት 27 ቀን 1979 ዓ.ም. ወንዙ ሞልቶ ሳለ ተደርምሶ 10 ሰዎች ሞቱ። ሲመረመር ውሃው ከምሰሶው መሠረት ሥር ያለውን አፈር ጠርጎ ወስዶታል። መሠረቱን እንዲጠብቅ የተደረደረው ድንጋይ በጎርፍ እየተወሰደ ሲያልቅ በሚገባ አልተተካም ነበር። ድንጋዩን በጊዜ መተካት ድልድይ እንደገና ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ወጪ ነው? ለሞቱትስ ምን ዋጋ ይከፈላል? አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት ለዚህ ነው።

ታዲያ ጥገናው የማን ነው? እዚህ ላይ ነው ብዙ ጊዜ የምንደናገረው። አውራ ጎዳናውና በእርሱ ላይ ያሉት ድልድዮች የፌዴራል ናቸው፤ በመንገዶች አስተዳደር ሥር ናቸው። የገጠሩ መንገድ የክልሉና የወረዳው ነው፤ የከተማው የውስጥ መንገድና ቦይ የማዘጋጃ ቤት ነው። ጥገናውም ዓይነት ዓይነት አለው። ቦይ መጥረግና ጉድጓድ መድፈን መደበኛ ጥገና ይባላል፤ በየተወሰነ ዓመት አስፋልቱን ማልበስ ወቅታዊ ጥገና ነው፤ ጎርፍ ሲቆርጥ የሚደረገው ድንገተኛ ጥገና ነው። መደበኛው ከታለፈ ድንገተኛው አይቀርም፤ ወጪውም ብዙ እጥፍ ነው። ለጥገና ገንዘብ እንዲገኝ የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቁሟል። ገንዘቡ በዋናነት ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰብ ነው። ስለዚህ በአውቶቡስም በባጃጅም የተሳፈረ ሁሉ ከፍሏል ማለት ነው። መንገዳችን ይጠገን ብለን ስንጠይቅ ልመና አይደለም፤ መብት ነው።

ይሁን እንጂ አጠያየቁንም ማወቅ ያሻል። አንድ የተደፈነ ቱቦ ጉዳይ ይዘን አንድ መሥሪያ ቤት ብንሄድ «የእኛ አይደለም» ተባልን። ወደ ሌላው ብንሄድ «በጽሑፍ አምጡ» አለን። ጽፈን ብንሄድ «ቦታው የት እንደሆነ አልተገለጸም» ተባለ። ክረምቱ እስኪያልፍ ተመላለስን። ነገሩ ያሳዝናል፤ ቢሆንም ትምህርት ሰጥቶናል። ቦታውን፣ ጉዳቱን፣ የጀመረበትን ቀንና የሚያስከትለውን አደጋ ለይቶ የሚገልጽ ደብዳቤ በቀላሉ አይመለስም። ለጠጋኙ መሥሪያ ቤትም ቢሆን ይህን ሁሉ ቱቦና ድልድይ በየቀኑ ዞሮ ማየት አይቻለውም። ዓይን ሆነን ልንጠብቅለት የምንችለው አጠገቡ ያለነው ነን።

በመሆኑም የማኅበሩ ኮሚቴ ተወያይቶ የሚከተለውን እንዲፈጸም ጠይቋል፦

1ኛ/ እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ እያንዳንዱ ቤትና ሱቅ በደጁ ያለውን ቦይ ይጥረግ። የወጣው ደለል ቦዩ ዳር አይከመር፤ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባልና።

2ኛ/ የጋራ የሆኑትን ቱቦዎች በደቦ እንጠርጋለን። አካፋና ዶማ ከዕድር እንዋሳለን። አስፋልቱን፣ የድልድዩን ግንብና ጋቢዮኑን ግን ማንም አይንካ፤ እርሱ የባለሙያ ሥራ ነው።

3ኛ/ ከድልድይ ሥርና ከአጠገቡ አሸዋና ድንጋይ የሚያወጣ ሰው ሲታይ ለኮሚቴው ይነገር። የድልድይ መከለያ ብረት የሚፈታውም እንዲሁ። ለአሸዋው ዕለታዊ ገቢ ያገኝበት የነበረ ወጣት ካለ ይቅረብ፤ ሌላ የማውጫ ቦታ እንዲፈቀድለት አብረን እንጠይቃለን።

4ኛ/ ጎርፍ የሚጠልፉ ገበሬዎች የጠለፋው ቦይ ከመንገዱ ጠርዝ እንዲርቅ ከወዲሁ ከሽማግሌዎች ጋር ይነጋገሩ።

5ኛ/ አንድ የመንገድ መዝገብ ተከፍቷል። ስንጥቅ፣ የተቦረቦረ ግንብ፣ የተደፈነ ቱቦ ያየ ሰው ከጸሐፊው ዘንድ መጥቶ ያስመዝግብ። መጻፍ የማይችል በቃሉ ይንገረን፣ እኛ እንጽፋለን። የተመዘገበው በየሁለት ሳምንቱ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይላካል፤ ግልባጩ በዚህ ሰሌዳ ይለጠፋል።

6ኛ/ ጎርፍ በድልድይ ላይ ሲፈስስ ሰውም፣ ከብትም፣ ባጃጅም አይሻገር። «ጉልበት ድረስ ነው» ብሎ የገባ ብዙ ሰው ተወስዷል። ልጆቻችሁን አስጠንቅቁ፤ የራያ ጎርፍ ቶሎ እንደመጣ ቶሎ ይጎድላል፣ ጥቂት መታገስ ነው።

ወገኖቻችን ሆይ፤ ይህን ሁሉ ብንሠራም ትልቁ ሥራ የመንግሥት መሆኑ አይቀርም፤ ምሰሶ የሚመረምረው መሐንዲስ ነው፣ ቋጥኝ የሚያነሣው ዶዘር ነው። እኛ የድርሻችንን ስንሠራ ግን ሌላውን የድርሻውን ለመጠየቅ አፋችን ይከፈታል። ደጃፉን ያልጠረገ ሠፈር «ድልድያችን ተረሳ» ቢል ማን ይሰማዋል? በአንድ እጅ አይጨበጨብም።

የመጀመሪያው የደቦ ቀን በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይገለጻል። አካፋ ያለው አካፋውን፣ የሌለው ጉልበቱን ይዞ ይምጣ። ክረምቱን የበረከት ያድርግልን።



የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ኮሚቴው
ቆቦ