ስለ አደን ጠብመንጃ ሠሪ ምርጫ፦ ከናይሮቢ የቀረበ ውይይት

ቀዳማዊ ተናጋሪ፦ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 በአውሮፓ አቆጣጠር ወደዚህ አገር ለአደን ሲመጡ የያዙት ባለሁለት አፈሙዝ ጠብመንጃ በለንደኑ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ቤት የተሠራ፣ እንግሊዛውያን ወዳጆቻቸውም ያበረከቱላቸው ነበር። እኅቴ ሆይ፣ እንዲህ ያለውን ጥበበኛ በምን ሚዛን እንመርጠዋለን?

ዳግማዊት ተናጋሪት፦ ወንድሜ ሆይ፣ ብዙ ሰው በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ሐረግ አይቶ ይፈርዳል፤ እኔ ግን ምስክርነቱን የምጠብቀው ከሁለቱ አፈሙዞች ስምምነት ነው። ሊቁ እየተኮሰ፣ ብየዳውን እያቀለጠ፣ በመካከላቸው ያለውን ሽብልቅ እያንቀሳቀሰ፣ የሁለቱም ጥይት በአንድ ዒላማ እስኪያርፍ ድረስ ይደክማል፤ ይህም ልክ ለአንድ ዓይነት ጥይት ብቻ የሚጸና ስለሆነ፣ ደንበኛው በየትኛው ጥይትና በምን ዓይነት አየር እንደሚተኩስ ሳይመረምር ሥራ የሚጀምር ሠሪ፣ ዝናው ምንም ቢገን፣ አይታመንም።

ቀዳማዊ፦ እውነት ነው፤ ኮርዳይት የተባለው ባሩድ በቆላ ሙቀት ግፊቱ ስለሚያይል፣ ለሞቃት አገሮች መጠኑ የተቀነሰ ጥይት ይዘጋጅ ነበር። ሰደፉስ?

ዳግማዊት፦ በባለቤቱ ክንድና ትከሻ ይለካ፤ ጎሽ ሲደርስ ማነጣጠሪያ ለመፈለግ ፋታ የለምና።

ቀዳማዊ፦ ኬንያ ግን በ1977 አደንን ከልክላለች፤ በ1934 እዚሁ ናይሮቢ የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ማኅበርም በዚያው ዓመት ፈረሰ።

ዳግማዊት፦ ስለዚህ፣ ክቡር አድማጭ፣ ጠብመንጃ ከማሠራትዎ አስቀድሞ የሚያድኑበትን አገር ሕግ ይጠይቁ።