መብራት ሲጠፋ መዝገባችን እንዳይጠፋ



ወደ ቁጠባና ብድር ሪፖርቱ ከመግባታችን በፊት ስለ ቢሯችን ላፕቶፕ ትንሽ እንድንናገር ፍቀዱልን። ባለፈው የቁጠባ ቀን የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፑም 40 ፐርሰንት እያሳየ አብሮ ጠፋ። የ14 አባላት ክፍያ ሴቭ ሳይደረግ ቀረ። ከደረሰኞቹ ቀሪ መልሰን መዘገብነው። ነገር ግን አንዲት እናታችን "ከፍያለሁ፣ ስሜ የታለ?" ብለው በር ላይ ሲቆሙ የተሰማንን እፍረት አልረሳነውም። ገንዘባቸው አልጎደለም፤ ሊጎድል የነበረው እምነታቸው ነው።

በዚያው ሳምንት አዲስ ላፕቶፕ ይገዛ የሚል ሐሳብ አንስተን ነበር። ገንዘቡ የሚወጣው ለብድር ከምናዞረው ሒሳብ ስለሆነ ግን፣ አስቀድመን ችግሩን በቅደም ተከተል እንፈትሽ አልን።

መጀመሪያ ሶኬቱንና ቻርጀሩን አየን። ሌላ ሶኬት ላይ ሞከርን፤ ቮልቱና ዋቱ ተመሳሳይ የሆነ ቻርጀርም ተውሰን ሰካን። ለውጥ የለም። ስለዚህ ጥፋቱ የቻርጀሩ አይደለም።

ቀጥሎ ከዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት አወጣን። ይህ ሪፖርት ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ነው፤ ክፍያ የለውም። ትእዛዙን በወረቀት ጽፈን ቢሮ ለጥፈነዋል። ሪፖርቱ ላይ ሁለት ቁጥሮችን አነጻጽሩ፤ አንዱ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅም፣ ሌላው ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው ነው። የእኛው 41,440 ሚሊዋት ሰዓት የነበረው 9,870 ደርሷል፤ ከሩብ በታች ማለት ነው። እኛ የሒሳብ ሰዎች ይህን የእርጅና ተቀናሽ እንለዋለን። ያረጀ ባትሪ ገና ፐርሰንት እያሳየ ድንገት መጥፋቱም የተለመደ ነው።

ባትሪውን ሞልቶና አውርዶ እንደገና መሙላት የፐርሰንቱን ንባብ ያስተካክል ይሆናል፤ የሞተ አቅም ግን አይመልስም። "እናድሰዋለን" ለሚላችሁ ገንዘብ አትስጡ።

ጥፋታችንንም እንናገር። ላፕቶፑን ዓመቱን ሙሉ ቻርጀር ላይ ሰክተን፣ ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ አንጥፈን ነበር የምንሠራበት። ሊቲየም ባትሪን ሙቀትና ሁልጊዜ 100 ፐርሰንት ሞልቶ መቀመጥ ቶሎ ያስረጁታል። ለቆንጆነት ያነጠፍነው ጨርቅ አየሩን ዘግቶ ቆይቷል።

በመጨረሻ ባትሪው ብቻ ተቀየረ። ዋጋው ከአዲስ ላፕቶፕ እጅግ ያነሰ ነው፤ ደረሰኙ በፋይል አለ፣ ማንኛችሁም ማየት ትችላላችሁ። የገዛነው የላፕቶፑን ሞዴልና አሮጌው ባትሪ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አመሳክረን ነው።

አሁን ጨርቁ ተነሥቷል። ላፕቶፑ የመሙያ ጣሪያ መወሰን ስለሚችል 80 ላይ አቁመነዋል። ከእያንዳንዱ ተከፋይ በኋላ ሴቭ እናደርጋለን፤ ማታ ማታ በፍላሽ ቅጂ እንይዛለን። የወረቀት መዝገቡም አይቀርም።

ቤታችሁ ላፕቶፕም ሆነ ስልክ ላላችሁ አንድ አደራ አለን። ባትሪው ካበጠ፣ ማለትም ኪቦርዱ ወይም ጀርባው ከተነሣ፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ አትውጉት፣ አትጫኑት፣ እሳትም ሆነ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት። አጥፍታችሁ ለባለሙያ አሳዩ።

እነዚያ እናታችን ባለፈው ሳምንት መጥተው ስማቸውን በስክሪኑ ላይ አሳየናቸው። መብራቱ ያን ጊዜም ጠፍቶ ነበር። "እሱስ አልጠፋም" ብለው ሳቁ።

አሁን ወደ ሪፖርቱ እንግባ።