ቅጥቅጥ መኪናና እኛ

(በንፋስ መውጫ በዕረፍት ጊዜ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተነገረ ቃል)




ከእኛ በፊት የተናገሩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ስለ ትምህርት፣ ስለ ደን መመናመንና ስለ ሥነ ጽሑፍ ከፍ ያለ ነገር አሰምተውናል። የእኛ ርእስ ግን ዝቅ ያለ ነው፤ ይኸውም ከደብረ ታቦር እዚህ ድረስ ጭና ያመጣችን መኪና ናት። አንዳንዶቻችሁ ከአሁኑ ስትስቁ እናያለን። ሳቁ፤ እኛም መጀመሪያ ስቀናል። ነገር ግን በዚያች መኪና የሚሳፈሩት የእናንተ ወንድሞችና የእኛ እናቶች ስለ ሆኑ፣ ከሳቁ በኋላ ጥቂት ማሰብ ይገባናል።

በመጀመሪያ ስለ ምን እንደምንናገር እንግለጽ። «ቅጥቅጥ» የሚባለው ለዕቃ መጫኛ ተሠርቶ የመጣ፣ ኋላ ግን በአገራችን ጋራዦች ላሜራ ተቀጥቅጦለት፣ መስኮት ተከፍቶለት፣ ወንበር ተበይዶለት የሰው ማመላለሻ የሆነ መኪና ነው። በተለይ በአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተሠራው አውቶቡስ በዚህ ስም ታውቋል። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ መስኮት የሌላት የዕቃ መኪና ሆና ከባሕር ማዶ መጥታ፣ እዚህ ጎኗ ተቆርጦ ሚኒባስ የተደረገችው አሮጌ ቶዮታ ናት። በአዲስ አበባ ሽማግሌዎች የሚያስታውሷት «ውይይት»ም ከዚሁ ቤተሰብ ናት፤ የኋላዋ ተከድኖ ሁለት አግዳሚ ወንበር ስለ ገባላት ተሳፋሪው ፊት ለፊት ይተያይባት ነበር። ስሟንም ያገኘችው በአብዮቱ ዘመን ከነበረው የውይይት ክበብ ነው ይባላል።

እኛ የመጣንባት መኪና ከቶዮታዎቹ ወገን ናት። ከነጩ ቀለም ሥር የባዕድ አገር ፊደል ይታያል። አንዱ ጓደኛችን ፊደሉን ቆጥሮ «ይህች መኪና በአገሯ ዳቦ ታድል ነበር» ብሎ ፈረደ። ከግራ መስኮቶቿ ሁለቱ ከአውቶቡስ የተወሰዱ፣ አንዱ ከቤት መስኮት የተቆረጠ መስታወት ነው። መጋረጃዋ ጥልፍ ያለው ነጠላ ነው፤ ከመሪው በላይ የመድኃኔ ዓለም ሥዕል ተሰቅሏል። የጎን በሯ በገመድ ይታሰራል፤ ገመዱንም የሚይዘው ረዳቱ ነው። «ከራስ በላይ ነፋስ» ይላል የአገራችን ሰው። በዚህች መኪና ግን ከራስ በላይ ነፋስ አልነበረም፤ ከራስ በላይ ሁለት ኩንታል ድንች፣ አንድ አልጋ፣ እግራቸው የታሰረ ሦስት ዶሮዎችና የእኛ መጻሕፍት ነበሩ። ነፋሱ የገባው በወለሉ በኩል ነው።

ታዲያ ሰው ስለ ምን ይወዳታል? ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉም ሞኝነት አይደለም።

አንደኛ፣ ሌላው በማይመጣበት ትመጣለች። ከወረታ ወልድያ የሚሄደው፣ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት አውራ ጎዳና ከተማችንን አቋርጦ ያልፋል፤ ትልቁም አውቶቡስ በዚያው ያልፋል። ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ውስጥ ውስጡን ላለው ገበሬ ግን ከጥርጊያው ዳር ቆሞ የሚጠብቀው ይህችኑ ነው። ሰውንና በግን፣ ገብስንና ሙሽራን ሳትለይ ትጭናለች።

ሁለተኛ፣ ሞተሯ ትዕግሥተኛ ነው። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ሠርቶ ያሳየው ሞተር እሳት የሚጭር ካንዴላ አያሻውም፤ አየሩ ራሱ ተጨምቆ ሲግል ናፍጣውን ያቀጣጥለዋል። የአሮጌዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ፓምፕ በጥርስና በምንጭ ብረት የሚሠራ ስለ ሆነ፣ የዛሬዎቹ አዳዲስ መኪናዎች እንደሚሹት የኮምፒዩተር መመርመሪያ አይሻም። መፍቻና ብልህ ጆሮ ያለው መካኒክ ከመንገድ ዳር ፈትቶ ያስነሣዋል።

ሦስተኛ፣ አዲስ መኪና የሚገዛ አቅም የለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ለማስገባት የሚከፈለውን እጅግ ከፍ አደረገው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ የገጠሩ ባለ መኪና ያለችውን እየቀጠቀጠ ከመኖር በቀር ምን ምርጫ አለው?

አራተኛውን ምክንያት ስንናገር ትንሽ እናፍራለን፤ ታምራለች። ሁለት አንድ ዓይነት ቅጥቅጥ አይገኝም። እያንዳንዷ የሠራትን ሰው እጅ ትመስላለች። ይህም በእኛ አገር ብቻ አይደለም። ፊሊፒናውያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች ጥለውት የሄዱትን ጂፕ አስረዝመውና ቀለም ቀብተው «ጂፕኒ» አድርገውታል፤ የአገራቸው ምልክት እስከ መሆንም ደርሷል።

ይህን ያህል ካመሰገንናት በኋላ ነውሯን እንናገር። የምንጀምረውም ከራሳችን ነውር ነው።

ባለፈው የገና ዋዜማ ከዚህ ወደ ታች ጋይንት የምትወርድ አንዲት ቅጥቅጥ አገኘን። ሾፌሩ «ሞልቷል፣ ልጆች» አለን። እኛም «ጋሼ፣ እንጠጋጋለን፤ ለበዓል እንድረስ» ብለን ለመንን፤ አራት ሆነን በትርፍ ገባን። ቁልቁለቱ እንደ ተጋመሰ የተቃጠለ ነገር ሸተተን፤ ከኋላ ጎማም ጢስ ወጣ። ረዳቱ ታኮውን ይዞ ዘለለና ከጎማው ሥር ወተፈ። ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት ባልቴት «ምነው ልጄ፣ ምን ነካት?» ብለው ጠየቁ። «ፍሬኑ ሞቆ ነው፣ እማማ፤ ትንሽ ትረፍ» አለ ሾፌሩ። «እንግዲያውስ እኔ በእግሬ እወርዳለሁ፤ የእኔ እግር ፍሬን አለው» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወረዱ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የሒሳብና የፊዚክስ ተማሪዎች የሆንነው እኛ ግን ተቀምጠን ቀረን።

ከበዓሉ በኋላ ነገሩን በወረቀት ላይ አሰላነው። ሦስት ቶን የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ከፍታ ቁልቁል ሲወርድ፣ ሾፌሩ በፍሬን ብቻ ከያዘው፣ በፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ሙቀት ከ40 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ጭነቱ ሲጨመር ሙቀቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። ፍሬኑ ያንን ሁሉ ወደ አየር መበተን ሲያቅተው መያዙን ይተዋል። እማማ ይህን ሒሳብ አልተማሩም፤ መልሱን ግን ከእኛ ቀድመው አግኝተውታል።

ጭነቱንም ቆጠርነው። እንዲህ ያለችው ትንሽ መኪና ስትሠራ እንድትሸከም የታሰበው አንድ ቶን ገደማ ነው። አሥራ ሁለት ሰው በ60 ኪሎ ቢታሰብ 720 ኪሎ ይሆናል፤ ደኅና ነው። አሥራ ስምንት ሰው ሲሆን 1080 ኪሎ ነው። ሦስት ኩንታል በጣራው ላይ ሲጨመር 1380 ይደርሳል። ይህም ላሜራው፣ የብረት ወንበሩና የጣራው መጫኛ ራሳቸው የሚመዝኑት ሳይቆጠር ነው። በጣራ ላይ ያለ ጭነት ደግሞ ክብደት ብቻ አይደለም፤ የመኪናዋን ሚዛን ወደ ላይ ስለሚያወጣ በመታጠፊያ ላይ ለመገልበጥ ትቀርባለች።

የአገራችን ከፍታም የራሱ ፈተና አለው። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል 3000 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ከአሥር እጅ ሰባት እጅ ያህል ነው። ሞተሩ ናፍጣውን እንደ ልማዱ ይጠጣል፤ የሚያቃጥልበት አየር ግን ያንሰዋል። በጉና ግርጌ ዳገት ስንወጣ የምናየው ጥቁር ጢስ ሳይቃጠል የቀረ ናፍጣ ነው፤ ባለ መኪናው የከፈለበት፣ ከኋላ የሚሄደው እግረኛ የሚተነፍሰው። ውሃም እዚህ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ክዳኑ የላላ ራዲያተር ቶሎ ይንተከተካል። ረዳቱ የውሃ ጀሪካን የሚያንጠለጥለው ስለዚሁ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በዓይን የማይታየው ነው። ሻንሲ ተቆርጦ ሲረዝም፣ በብየዳው አጠገብ ያለው ብረት በሙቀት ጠባዩ ይለወጣል። ዛሬ አይሰበርም፤ ነገም አይሰበርም። በየጉድጓዱ ሲንገጫገጭ ቆይቶ ግን አንድ ቀን ይሰነጠቃል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ አንድ ጋራዥ ሄድን። የሄድነው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለመገሠጽ ነበር። ባለ እጁ ሽማግሌ የተጣመመ በር በመዶሻ እያቀኑ አገኘናቸው፤ ዓይናቸውን ከላሜራው ሳያነሡ ሰላምታችንን ተቀበሉ። «ጋሼ፣ ይህ የሠሩት ጣራ ስንት ኪሎ ይሸከማል?» ብለን ጠየቅን። «እስኪሰበር ድረስ» አሉን። ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። መዶሻቸውን አስቀምጠው «እናንተ የምትማሩት ስንት እንደሚሸከም ማወቅን አይደለም እንዴ? እንግዲያው ንገሩኝና ልጻፍበት» አሉ። የብረቱን ውፍረት በስንዝር ሳይሆን በመለኪያ እንድናይላቸው ወደ መኪናዋ ወሰዱን። ከእኛ መካከል መለኪያ የያዘ አልነበረም። ቢኖርም፣ ያንን ብረት ስምና ጠባዩን አውቆ በአንድ ቃል የሚመልስ አልነበረም። ሦስት ዓመት ተምረን፣ በገዛ አገራችን ጣራ ሥር ቆመን ዝም አልን።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ የዛሬው ንግግራችን በሙሉ ከዚያ ዝምታ የመጣ ነው።

«ቅጥቅጥ» የሚለውን ስም ስናወጣ ለንቀት ነው። ቃሉ ከ«ቀጥቃጭ» ጋር አንድ ሥር እንዳለው እናውቃለን፤ ቀጥቃጭ የሚለው ቃል ደግሞ በአገራችን ስንት ዘመን ለስድብ እንደዋለ እናውቃለን። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ከአፋችን ቢቀር፣ ከልባችን ግን ቀርቷልን? ከዚህ ሩቅ ባልሆነው በጋፋት፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ አጼ ቴዎድሮስ የውጭ አገር ባለ እጆችንና የአገሩን ሠራተኞች አሰባስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ። ከዚያም መንገድ እያስጠረጉ፣ ገደል እያስናዱ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ አደረሱት። በሥራው ላይ ንጉሡም፣ አዋቂውም፣ መዶሻ ያዡም አብረው ቆመው ነበር። መሣሪያው ለመንገዱ፣ መንገዱም ለመሣሪያው ታስቦ ነበር። ዛሬ የተለያየው ይህ ነው፤ መዶሻው በጋራዥ፣ መለኪያው በትምህርት ቤት ቀረ። መዶሻ ያለ መለኪያ ሰው ይገድላል፤ መለኪያ ያለ መዶሻ ደግሞ ለማንም አይጠቅም።

«ይከልከሉ» የሚሉ አሉ። ይህ ቀላል ቃል ነው። ቅጥቅጥ ቢከለከል የስማዳ ታማሚ በምን ሐኪም ቤት ይደርሳል? «እንዳሉ ይቀመጡ» የሚሉም አሉ፤ እነዚህ ደግሞ የተቃጠለውን ፍሬን አላሸተቱም። ሦስተኛ መንገድ አለ። በኬንያ «ማታቱ» የሚባሉት ሚኒባሶች ከእኛዎቹ ያላነሰ ያጌጡና ያልተገሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ጆን ሚቹኪ የተሳፋሪ ቁጥር ገደብ፣ የመቀመጫ ቀበቶና ፍጥነትን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚገታ መሣሪያ በሕግ አስገደዱ። ማታቱ አልጠፋም፤ ልጓም ተበጀለት እንጂ።

ስለዚህ በእኛ በኩል ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የምሕንድስና ተማሪዎች በየዕረፍቱ ለአንድ ሳምንት በየወረዳችን ጋራዥ እንዋል። የምንሄደው ለማስተማር ብቻ አይደለም፤ ለመማርም ነው። መለኪያ ይዘን የሻንሲውን፣ የብየዳውንና የጣራውን ልክ እንውሰድ፤ መምህሮቻችንም ስሌቱን ያርሙልን። በ1955 ዓ.ም. በባሕር ዳር በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ እጅና አእምሮን ባንድነት ለማሠልጠን አልነበረምን?

ሁለተኛ፣ የተገኘው ልክ በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ ባለ እጁም ሾፌሩም በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ። የሰውና የኩንታል ልኩም በየመኪናዋ በር ላይ በቀለም ይጻፍ። ዓመታዊ ምርመራ ሲደረግም ቦሎ መለጠፉ ብቻ ሳይሆን ብየዳውና ፍሬኑ ይታይ።

ሦስተኛው ገንዘብም ስሌትም አይጠይቅም። በበዓል ዋዜማ ሾፌሩ «ሞልቷል» ሲለን «እንጠጋጋለን» ማለታችንን እንተው። ያን ቀን ከ1000 ኪሎ ያለፈውን ጭነት የጨመርነው ባለ መኪናው ብቻ አይደለም፤ እኛ አራታችን ነን።

እማማ ያን ቀን ቁልቁለቱን በእግራቸው ጨርሰው ሜዳው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። መኪናዋ ስትደርስ ገብተው፣ ቦታ የለቀቀላቸውን ልጅ መርቀው ተቀመጡ። እናትየዋ መኪናዋን አልጠሏትም፤ ልኳን ብቻ አወቁ። እኛም ይህን ያህል እንወቅ።

መዶሻቸውን አስቀምጠው መልስ የሚጠብቁን ሽማግሌ አሁንም በዚህ ከተማ ውስጥ አሉ። በሚመጣው ዕረፍት መለኪያ ይዞ ከእኛ ጋር የሚሄድ ማነው?