የዝናሙ ድንጋይና ረጅሙ ዘነዘና
(ለመምህራን ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



የሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ክርስትናን ከመቀበላቸው በፊት ቶር የሚባል አምላክ ነበራቸው። በ11ኛው መቶ ዓመት የነበረው ጸሐፊ የብሬመኑ አዳም እንደሚለው፣ ነጎድጓዱንና መብረቁን፣ ነፋሱንና ዝናሙን የሚያዝዝ ይኸው ቶር ነበር። ስለ እርሱ የሚነገረውን ተረት አሰባስቦ የጻፈው የአይስላንዱ ሊቅ ስኖሪ ስቱርሉሶን ሲሆን፣ የጻፈውም በ1220 ገደማ፣ አገሩ ክርስትናን ከተቀበለ ሁለት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ቃሉ በብራና ላይ ተረፈ እንጂ፣ በእጅ ይሠራ የነበረው ሥርዓት አብዛኛው ጠፍቷል። ዛሬ የዚያ አገር ሰዎች የጠፋውን የሚፈልጉት በሥራ ነው። በዴንማርክ ሌይረ በተባለው ስፍራ ከ1964 ጀምሮ የጥንቱን ቤት በጥንቱ መሣሪያ እየሠሩ ያጠናሉ። በሮስኪልደም በአሮጌ መርከብ አምሳል የተሠራች መርከብ በ2007 በቀዘፋና በሸራ እስከ ደብሊን ተጉዛለች። መርከቢቱን ያልቀዘፈ ሰው የጥንቱን መርከበኛ ፍርሃት ከመጽሐፍ ብቻ ሊያውቀው አይችልም ብለው ያምናሉ፤ እምነታቸውም ትክክል ነው።

በነጭ ዓባይ ዳር በምትገኘው በጁባ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይገኛል። በዚያ ሥርዓቱ በሰው እጅ ሲቆይ፣ በመጽሐፍ የጻፉት በብዛት ከውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው። ይህም ለኢትዮጵያ መምህር የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ኑዌርና አኙዋክ በጋምቤላም ከድንበሩ ማዶም የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው፤ የመጀመሪያውን የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ያበቃው ስምምነትም በ1972 የተፈረመው በአዲስ አበባ ነበር።

የጁባ ምድር የባሪ ሕዝብ አገር ነው። ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ የሚታየው ተራራ ጀበል ኩጁር ይባላል፤ ትርጓሜውም የጠንቋይ ተራራ ማለት ነው። ዛሬ በግርጌው ሴቶች ለሕንጻ ሥራ የሚሆነውን ድንጋይ በመዶሻ ሲከሰክሱ ይውላሉ። በባሪ ዘንድ ግን ድንጋይ ሌላም አገልግሎት ነበረው። የአገር ጎብኚዎችን ማስታወሻ ያሰባሰበው ጄምስ ፍሬዘር እንደ ጻፈው፣ የባሪ የዝናም አለቃ እንደ ብርጭቆ የጠራና ሐምራዊ መልክ ያለው የከበረ ድንጋይ በማሰሮ ያኖራል። ዝናም ባስፈለገ ጊዜ ድንጋዮቹን ውሃ ውስጥ ያገባል፤ ቅርፊቱ የተላጠና ጫፉ የተሰነጠቀ ሸምበቆ ይዞ፣ እያነበነበ ደመናን ይጠራበታል ወይም ወደሚሄድበት ያመለክተዋል።

እስከዚህ ድረስ ሲሰማ ለክፍል ጨዋታ የተመቸ ይመስላል። ነገር ግን ፍሬዘር ወዲያው የሚጨምረው ሌላ ነገር አለ፤ ዝናሙ በቀረ ጊዜ ሕዝቡ ተሰብስቦ አለቃውን ይገድለው ነበር። ይህ በባሪ ብቻ ሳይሆን በላቱካ፣ በሉሉባና በሎኮያም ተጽፏል። ከጁባ ማዶ ባለው በጎንዶኮሮ አካባቢ የነበረው፣ ከካቶሊክ ሚስዮናውያን ጋር የተዋወቀው ኒጊሎ የተባለ የባሪ የዝናም አለቃ፣ በድርቅ ምክንያት በ1859 በገዛ ወገኖቹ እጅ ሞቷል። ሆላንዳዊው ሲሞን ሲሞንሰ በ1992 ባሳተመው ሰፊ ጥናት እንዳሳየውም፣ ይህ ዓይነቱ ግድያ በ20ኛው መቶ ዓመትም አልቀረም። እንግዲህ ማሰሮውን የያዘው ሰው ነፍሱን በዋስትና አስይዞ የሚሠራ ሰው ነበር። ለዓመት መዝጊያ በዓል አንድ ተማሪ ሸምበቆ አስይዞ ደመና የሚያስጠራ፣ እንግዶችንም የሚያስቅ መምህር፣ ተማሪዎቹን ያስተማረ ቢመስለውም ያስተማራቸው ሹፈትን ነው። በዚያ ክፍል የሟቹ የልጅ ልጅ ተቀምጦ እንደ ሆነስ?

ስለዚህ ነገሩን ጭራሽ ከክፍል ማስወጣት ይሻላል የሚሉ አሉ። ይህም አይደለም። የእኛ ልጆች ቡሄን የሚያውቁት በጅራፉ ጩኸት፣ በችቦውና በሙልሙሉ እንጂ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተጻፈ መግለጫ አይደለም። እጅ ያልነካው ተረት ለፈተና ተሸምድዶ የሚረሳ የስም ዝርዝር ይሆናል።

በጁባም በብዛት የሚገኙት የዲንካ ሰዎች የሚናገሩት ተረት ለዚህ መልካም መንገድ ይከፍታል። ጎድፍሬ ሊንሃርት በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ መዘገበው፣ በጥንት ዘመን ሰማይ ለምድር ቅርብ ነበረ፤ ሰውም በገመድ ወደ ፈጣሪ ይወጣ ነበር። ለመጀመሪያዎቹ ሰዎች ለጋራንግና ለአቡክ በየቀኑ አንዲት ፍሬ እህል ትሰጣቸው ነበር፤ ትበቃቸውም ነበር። አቡክ ግን ከዚያ አብልጣ ለመውቀጥ ወደደች፤ ረጅሙን ዘነዘና ባነሣች ጊዜም ፈጣሪን መታችው። (ዘነዘና በማለት ፈንታ መቆፈሪያ ነው የሚሉም አሉ።) እርሱም ወደ ላይ ራቀ፤ ትንሽ ሰማያዊ ወፍ ልኮም ገመዱን አስቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ሰው ይደክማል፣ ይራባል፣ ይሞታል።

መምህሩ ይህን አንብቦ «ከታሪኩ ምን ተረዳችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ተማሪዎቹ «ስግብግብነት ክፉ ነው» ብለው ይቀመጣሉ። በዚህ ፈንታ ሙቀጫና ዘነዘና ያስመጣ፤ ከተማሪዎቹ ራስ ጥቂት ከፍ አድርጎም አንድ ሲባጎ ይወጥር። አንዲት ፍሬ ሙቀጫው ውስጥ ጥሎ ያስወቅጥ፤ ፍሬዋ ትፈናጠራለች፣ ተማሪዎቹም ይስቃሉ። ቀጥሎ እፍኝ እህል ይጨምር፤ አሁን ከባድ ዘነዘና በሁለት እጅ ከፍ ብሎ ካልተነሣ እህሉ አይደቅም። ዘነዘናው ሲነሣም ሲባጎውን መምታቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ወቃጭዋ ልጅ መጽሐፉ ያልነገራትን ታገኛለች፤ አቡክ ሰማይን የመታችው ጠልታው ሳይሆን ለቤተ ሰው የሚበቃ እህል ስትወቅጥ ነው። ያችን ሴት ስግብግብ ያላት ማን ነው? ዘነዘና ይዞ የማያውቅ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ራሳቸው የጁባ ሰዎችም የሌላውን ሕዝብ የጥንት ታሪክ በሥራ ሞክረውታል። አገራቸው ነፃ ከወጣች ዓመት ሳይሞላ፣ በግንቦት 2012፣ የደቡብ ሱዳን የቴአትር ጓድ የሼክስፒርን «ሲምብሊን» በጁባ ዓረብኛ በለንደኑ ግሎብ ቴአትር አሳየ፤ ተርጓሚው ጆሴፍ አቡክ ነበር። ተውኔቱ የጥንት ብሪታንያ ንጉሥ ለሮም ግብር አልከፍልም በማለቱ ስለ ተነሣ ጦርነት ይናገራል፤ ከብዙ ዘመን ጦርነት ለወጡ ተዋንያን ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም። ሼክስፒር በጻፈው ውስጥ የነጎድጓዱ አምላክ ጁፒተር በንስር ተቀምጦ ይወርዳል። ጁፒተርን መድረክ ላይ ለማውረድ ማንም ፈቃድ አይጠየቅም፤ ስለ እርሱ ዝናም የታሰረ ሰው በሕይወት የለምና። የባሪን አለቃ ግን እንዲሁ ማውረድ አይቻልም።

እንግዲህ ስለ ባሪ ሥርዓት በሚማሩበት ቀን በክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ማሰሮውና ውሃው ይቅረቡ፤ ተማሪዎቹ የጠራ ድንጋይ ውሃ ውስጥ አስገብተው መልኩ እንዴት እንደሚደምቅ ይዩ፤ በግቢውም ቆርቆሮ አኑረው የዘነመውን በየቀኑ ይለኩ፤ በወር ውስጥ ስንት ቀን እንደ ቀረም ይጻፉ። የተላጠው ሸምበቆና ማነብነቡ ግን አይጨመሩ። ስለ እርሱ ለማወቅ የሚሻ ተማሪ ካለ፣ መምህሩ ከአካባቢው ሽማግሌ ዘንድ ይላከው፤ ሽማግሌውም «ይህ አይነገርም» ቢሉት፣ ተማሪው ያንኑ ቃል በደብተሩ ጽፎ ይመለስ፤ መምህሩም ሙሉ ማርክ ይስጠው።