ያልያዙትን ቡና መሸጥ
(ቦኬ ላይ ለቡና አቅራቢዎች ከተደረገ ንግግር)

ወገኖቼ! “ገና ያልገዛሁትን ቡና ሸጫለሁ” የሚል ነጋዴ ስንሰማ ጎበዝ ነው እንላለን። እኔ ግን እፈራለታለሁ። ዋጋ ሲወርድ ያተርፋል፤ ሲወጣስ? ቡና የያዘ ሰው ቢከስር የሚያጣው የያዘውን ነው፤ ያልያዘው ግን ኪሳራው ጣሪያ የለውም!

በ2017 ዓ.ም. የካቲት የኒውዮርክ አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር አለፈ፤ ከዓመት በፊት 2 ዶላር እንኳ አልሞላም ነበር። በአሮጌው ዋጋ የፈረመ ሰው ጀንፈሉን በአዲሱ ዋጋ ሊገዛ ነው እንግዲህ። የውጭዎቹ ትላልቅ ነጋዴዎች በኒውዮርክ ተቃራኒ የወደፊት ውል ይዘው ይከላከላሉ (እነሱም ዋጋው በያዙት ውል ተቃራኒ ሲሄድ በየዕለቱ ተጨማሪ ማስያዣ ይጠየቃሉ)። የኛ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሲከፈት ግን ለዕለት ግብይት ነው፤ ለቦኬ ነጋዴ መከላከያውን ማን አሰበለት?

ስለዚህ በፈረማችሁ ዕለት መግዛት ጀምሩ። በእጃችሁ ካለው ገንዘብ በላይ አትፈርሙ። ዋጋ ቢዘል ልዩነቱን ማን እንደሚሸከም ውሉ ላይ አስጽፉ።