የእሳት ቀለምና የበዓል ችቦ



የዛሬው ንግግራችን ስለ እሳት ነው። እሳትን የማያውቅ ሰው የለም። እንጀራችንን የምንጋግረው፣ ቡናችንን የምናፈላው በእሳት ነው። የመካነ ሰላምን ደጋ ብርድ የምናልፈውም በእሳት ነው። እሳት ደግሞ ለበዓል ይነዳል። ነሐሴ 12 ማታ ልጆች የቡሄን ችቦ ያበራሉ። መስከረም 16 ወይም 17፣ እንደየአገሩ ልማድ፣ ደመራ ይለኮሳል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን እንለዋለን። ይህም በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው የፈጀውን የኅዳር በሽታ ያስታውሰናል።

በዓሉ የክርስቲያን ቢሆንም እሳቱ ግን የጎረቤትን ቤት አይለይም። «እሳት ካየው ምን ለየው» ይባል የለ! ስለዚህ ነገሩ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ይመለከታል።

ነበልባል ለምን ቀለም ይለውጣል?

ጭራሮ ሲነድ ነበልባሉ ቢጫ ነው። ለምን? በነበልባሉ ውስጥ ገና ያልነደዱ የከሰል ብናኞች አሉ። እነሱ ግለው ሲያበሩ ቢጫ ሆነው ይታያሉ። ብናኙ ከነበልባሉ ሲወጣና ሲቀዘቅዝ ጥላሸት ይሆናል። በጣሪያችሁ ላይ የምታዩት ጥቁር ነገር እሱ ነው።

በእሳቱ ውስጥ ሌላ ነገር ሲገባ ቀለሙ ይለወጣል። ጨው ቢጫውን ያደምቀዋል። መዳብ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ያደርገዋል። ቡንሰንና ኪርክሆፍ የሚባሉ ሁለት የጀርመን ሊቃውንት ይህንን በጥንቃቄ መረመሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1860 እና በ1861 ከነበልባል ቀለም ተነሥተው ሁለት አዳዲስ ንጥረ ነገሮችን አገኙ። እንግዲህ የእሳት ቀለም ምስክር ነው ማለት ነው። የሚነድደው ምን እንደሆነ ይናገራል።

በከተማ በበዓል ቀን ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ርችትም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ነገር ግን ለርችት ከሚገቡት ቅመሞች መርዝ የሆኑ አሉ። ሥራው የባለሙያ ነው።

የተማረ ሰውስ ቢሆን? በውጭ አገር ትምህርት ቤቶች አስተማሪዎች ልዩ ልዩ ጨዎችን በአልኮል አርሰው እየለኮሱ ቀለሙን ለተማሪዎች ያሳዩ ነበር። የአልኮል ነበልባል በብርሃን አይታይም። «ጠፋ» ብለው ከጠርሙሱ ሲጨምሩ እሳቱ ወደ ጠርሙሱ ዘለለ፤ ተማሪዎችም ተቃጠሉ። በዚህ የተነሣ የአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014፣ እንዲህ ያለው ትርኢት እንዲቀር አሳሰበ። አስተማሪ እጅ ላይ እንዲህ የሆነ ነገር በልጅ እጅ ላይ ምን ሊሆን ነው?

ወደ እሳት የማይጣሉ ነገሮች

ልጆች እሳቱ አረንጓዴ ሲሆን ይደሰታሉ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲቃጠል አረንጓዴ ነበልባል ይወጣል። ቀለሙ የመዳቡ ነው፤ ጭሱ ግን የላስቲኩ ነው። የዚህ ላስቲክ ጭስ ዓይንንና ሳንባን የሚያቃጥል መርዝ አለበት። ፌስታልም፣ የላስቲክ ጫማም፣ ቀለም የተቀባ እንጨትም ጭሳቸው ይጎዳል። በ1911 ዓ.ም. በነበረው ቆሻሻ ውስጥ ፌስታል አልነበረም። የዛሬው ቆሻሻ ሌላ ስለሆነ ከማቃጠል በፊት መለየት አለበት።

የባትሪ ድንጋይ በእሳት ውስጥ ይፈነዳል። ክዳኑ የተዘጋ ጣሳና የሚረጭ መድኃኒት ዕቃም ይፈነዳሉ። ከወንዝ የወጣ እርጥብ ድንጋይ እንኳ ውስጡ ያለው ውኃ ሲፈላ ሊፈነዳ ይችላል።

ላምባና ቤንዚን

በሚነድድ እሳት ላይ ላምባ አታፍስሱ። ነበልባሉ ፈሳሹን ተከትሎ ወደ ጀሪካኑ ይመጣል። ቤንዚን ደግሞ ይብሳል። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ ራቅ ካለ እሳት ይገናኛል።

ላምባ በአፍ ይዞ እሳት የመትፋት ትርኢትም አለ። ልጆች ይህን እንዳይሞክሩ ንገሯቸው። ጥቂት ላምባ ወደ ሳንባ ከገባ ሳንባው ይታመማል። የዋጠ ልጅ ካለ አታስመልሱት፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ይገባልና። ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ችቦና ደመራ ሲነድ

ችቦው ረዘም ይበል፤ በደንብ በልጥ ይታሰር። ነበልባሉ ከፊትና ከልብስ ይራቅ። የነጠላና የጋቢ ጫፍ ይሰብሰብ። ናይሎን ልብስ ቀልጦ ከቆዳ ጋር ስለሚጣበቅ ለዚያ ሌሊት አይሁን። ቅቤ የተቀባ ፀጉርም እሳት ይይዛል።

ደመራው ከሣር ቤት፣ ከገለባ ክምርና ከባሕር ዛፍ ይራቅ። ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ይታይ። በኅዳር አዝመራው ስለሚደርቅ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። ብዙ ሰው የደመራው ምሰሶ ወዴት እንደሚወድቅ ለማየት ይጠጋል። አደጋው ያኔ ነው። ምሰሶው 10 ክንድ ከሆነ 20 ክንድ ራቁ። አወዳደቁ ከሩቅም ይታያል። አንድ እንስራ ውኃና የአፈር ክምር አጠገብ ይቀመጥ። ፍሙ እስኪጠፋ ድረስ አንድ ትልቅ ሰው ይጠብቅ።

ሰው ቢቃጠል

ልብሱ በእሳት የተያያዘ ሰው አይሩጥ፤ ሩጫ እሳቱን ያራግበዋል። መሬት ላይ ጥላችሁ አንከባሉት፤ ወይም በባና ጠቅልሉት። ከዚያ የተቃጠለው ቦታ ላይ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ሰዓት ከሌለ ቡና ተቆልቶ እስኪወቀጥ ያህል ነው። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ ይውለቅ። ከቆዳ ጋር የተጣበቀ ልብስ አይጎተት። ቅቤ፣ እበት፣ የቡና አተላ ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ውሰዱት። ፊቱ፣ እጁ ወይም ብልቱ የተቃጠለ ሰው፣ ይልቁንም ሕፃን፣ ነገ አይባልም።

ወገኖቼ! ለደመራችን የእንጨቱ የራሱ ቀለም ይበቃዋል። አረንጓዴ ነበልባል ለአንድ አፍታ ይታያል፤ የተቃጠለ የልጅ እጅ ግን ማረሻ መያዝ፣ ጥጥ መፍተል፣ እርሳስ መጨበጥ ሊሳነው ይችላል። ይህን ያነበባችሁ ማንበብ ላልቻሉት ጎረቤቶቻችሁ ከቡሄ በፊት አንብቡላቸው።