እምቢታ ያልነው ረሃብ

የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ክኒኑን ሲተው «እምቢተኛ ሆነ» ማለት ይቀናናል። እኔ ግን አስቀድመን ስለ ሰውነቱ እንጠይቀው እላለሁ። በቡታጅራ ሕሙማንን፣ አስታማሚዎችንና የጤና ባለሙያዎችን ያነጋገረ ጥናት፣ መድኃኒት ከሚቋረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ የምግብ እጦት መሆኑን አሳይቷል። አንዳንዱ መድኃኒት የምግብ ፍላጎት ይቀሰቅሳል፤ መሶቡ ባዶ በሆነበት ቤት ይህን ረሃብ ችሎ ማደር ከባድ ነው። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉት መድኃኒቶች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው፦ ሲኒው በታማሚው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ እግሩ አላስቀምጥ ብሎት ተነስቶ ይንጎራደዳል። ቤተሰብ «ሕመሙ ባሰበት» ይላል፤ አንዳንዴ ግን የሚታየው የመድኃኒቱ ሥራ ነው።

«ስለ ጎንዮሽ ጉዳቱ ካወራን ጭራሽ ይተወዋል» የሚሉ አሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ሊያገረሽበት ይችላል። ግን ዝምታው መቼ አስቀረው? በ2005 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ምክንያታቸው ቢለያይም፣ ከሕሙማኑ 74 በመቶው የተሰጣቸውን መድኃኒት 18 ወር ሳይሞላ አቋርጠዋል። ያልተነገረው ሰው በድብቅ ይተዋል። የተነገረው ግን ለሐኪሙ አፍ አውጥቶ ይናገራል፤ ሐኪሙም መጠኑን ይቀንሳል፣ መድኃኒቱን ይቀይራል፣ ወይም ለመንቀጥቀጡ ማስታገሻ ያዛል። ዛሬ ታማሚ ወደ ቀጠሮ የምትሸኙ ካላችሁ፣ «ዋጥከው ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «እግርህ እንዴት ነው? ምግቡስ ይበቃሃል?» በሉት።